ዘፈኑን ያውቁታል፣ ቃሉን ግን አይጠቀሙበትም፦ ለትንንሽ ልጆች የእንግሊዝኛ የስሜት ቃላትን በዘፈንና በእጅ ስራ ያስተማርንበት አንድ ክላስ (የጉዳይ ጥናት)

መነሻ

ይሄን የምጽፈው ትንንሽ ልጆችን እንግሊዝኛ ለምታስተምሩ ሰዎች ነው። የስሜት ቃላት የሚለው ምዕራፍ ሲደርስ ብዙ ቦታ የሚደረገው ተመሳሳይ ነው፣ ዘፈን ይከፈታል፣ የወረቀት ፊት ይሰራል፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ከዛ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ይታለፋል። እዚህ የማወራው ይሄ ሁሉ በደንብ ተደርጎ፣ ልጆቹ ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር እየዘፈኑት፣ ሲከፋቸው ግን አንዲት ቃል መናገር ያቃታቸው አንድ ክላስ ነው። ከዛ ምን እንደተቀየረ፣ የቱ እንደሰራ የቱ እንዳልሰራ በዝርዝር አስቀምጣለሁ። ልጆቹም አስተማሪዋም ወላጆቹም ስማቸው አይጠቀስም፣ ማንነታቸውን የሚያሳይ ነገርም ትቻለሁ። እኔ የነበርኩት ረዳት ሆኜ ነው፣ ስራዬ ልጆቹ አጠገብ ቁጭ ብሎ መስማትና ማስታወሻ መያዝ ስለነበር ከፊት የቆመ ሰው የማይሰማውን ብዙ ነገር ሰምቻለሁ።

ክላሱና ልጆቹ

ልጆቹ ከአምስት እስከ ሰባት አመት ያሉ ናቸው፣ ሃያ ምናምን ይሆናሉ። ቤታቸው እንግሊዝኛ አይወራም፣ ከክላስ ውጪ የሚሰሙት ካርቱን ላይ ነው እሱም አንዳንዶቹ ብቻ። አብዛኞቹ ገና ማንበብ ስለማይችሉ ቃል ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስተማር አይታሰብም፣ ሁሉም ነገር በጆሮ፣ በአይንና በእጅ ነው። አስተማሪዋ ልምድ ያላት ናት፣ ልጆቹ ይወዷታል፣ ክላሷም ሞቅ ያለ ነው። ይሄን የምለው ችግሩ ከስንፍና ወይ ካለመዘጋጀት እንዳልመጣ እንዲታወቅ ነው፣ እንደውም በጣም የተዘጋጀችበት ምዕራፍ ነበር።

የመጀመሪያው ዙር ላይ የነበረው ፕላን እንዲህ ነው። አስር ቃል በአንድ ዘፈን፦ ሃፒ፣ ሳድ፣ አንግሪ፣ ስኬርድ፣ ታየርድ፣ ሃንግሪ፣ ሰርፕራይዝድ፣ ቦርድ፣ ኤክሳይትድ፣ ፕራውድ። (ሃንግሪ ስሜት ነው አይደለም የሚለው ይቆየን፣ ማስተማሪያዎቹ ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚያስገቡት ገብቷል።) እያንዳንዱ ቃል የራሱ እንቅስቃሴ አለው፣ ሃፒ ላይ ማጨብጨብ፣ አንግሪ ላይ እግር መሬት መምታት እያለ ይቀጥላል። ከዛ የእጅ ስራው ክብ ወረቀት ላይ ፊት መስራት ነው፣ በቁርጥራጭ ወረቀት አፍ፣ ቅንድብ፣ በክር ጸጉር፣ ከኋላው እንጨት ተለጥፎ ጭምብል ይሆናል።

ችግሩ ምን ላይ ታየ

መጀመሪያ የታየው ካርድ ሲወጣ ነው። የደከመው ልጅ ስዕል ተነስቶ "ምንድነው?" ሲባሉ ብዙዎቹ ወዲያው አይመልሱም፣ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀምረው በሹክሹክታ ሃፒ፣ ሳድ፣ አንግሪ፣ ስኬርድ እያሉ ይወርዱና ታየርድ ጋ ሲደርሱ ጮክ ብለው ይናገሩታል። ማለትም ቃሉን የያዙት በትርጉሙ ሳይሆን በዘፈኑ ውስጥ ባለው ተራው ነው። ዘፈኑ በሚፈልገው መንገድ ተምረውታል፣ ዘፈን ደግሞ ተራ ነው የሚፈልገው።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። አንድ ጠዋት አንዲት ልጅ ከጓደኛዋ ተጣልታ እንባዋ እየወረደ ቁጭ ብላለች፣ አስተማሪዋ እንደ ሁሌው "ሃው አር ዩ ቱዴይ?" ብላ ክላሱን ስትጠይቅ ይቺ ልጅ እያለቀሰች፣ አፍንጫዋን በእጇ እየጠረገች፣ ከሌሎቹ ጋር እኩል "አያም ሃፒ!" አለች። ለሷ ያ አረፍተ ነገር የሰላምታ መልስ ነው፣ ከስሜቷ ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር የለም። በሌላ ቀን ደግሞ አንድ ልጅ፣ እውነትም ከፍቶት ነበር፣ "አያም ሳድ" ሲል አስተማሪዋ ደስ ብሏት "ቬሪ ጉድ!" አለችው። አረፍተ ነገሩ ትክክል ስለሆነ ነው ያመሰገነችው፣ ልጁ ግን ግራ ገብቶት አያት፣ ከዛ በኋላ ለረጅም ጊዜ ያንን ቃል ከአፉ አልሰማሁትም። እኔ ከሁሉም በላይ የማስታውሰው ይሄን ነው። ስሜቱን ተናግሮ የሚያገኘው መልስ ጭብጨባ ከሆነ ቃሉ ምን ይሰራለታል?

ሶስተኛው የእጅ ስራው ሰአት ነው። ክፍለ ጊዜው በሙሉ በመቁረጥና በማጣበቅ አለቀ፣ ልጆቹ በጣም ደስ ብሏቸው ነበር፣ ግን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ስሰማ የሚያወሩት በሙሉ በራሳቸው ቋንቋ "ማጣበቂያውን ስጠኝ"፣ "የኔ ጸጉር ረዘመ" ነበር። አንድም የስሜት ቃል አልተነሳም፣ እንዲነሳ የሚያስገድድ ነገርም አልነበረም። ጭምብሎቹ ግድግዳ ላይ ወጡ፣ ያምራሉ፣ ግን ከዛ በኋላ የነካቸው የለም።

ከነዚህ ሌላ አንግሪና ሃንግሪ ሙሉ በሙሉ ተደባልቀው ነበር፣ ሆዱን እያሻሸ "አያም አንግሪ" የሚል ብዙ ነው።

ከመቀየራችን በፊት ያጣራነው

ልጆቹን አንድ በአንድ፣ ጨዋታ በሚመስል መንገድ፣ ሁለት ነገር ጠየቅናቸው። አንደኛ ካርዶቹን ከዘፈኑ ተራ ውጪ አቀላቅለን አሳየናቸው። ሁለተኛ በራሳቸው ቋንቋ አጭር ታሪክ ነገርናቸው፣ "አንድ ልጅ ማታ መብራት ጠፍቶበት ብቻውን ነበር፣ ምን ተሰማው?" አይነት። ይሄ ሁለተኛው ወሳኝ ነው፣ ምክንያቱም ልጁ እንግሊዝኛው ነው የጠፋው ወይስ ስሜቱን ራሱ ገና አለየውም የሚለውን ይነግረናል። በዚህ እድሜ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ሼሪ ዋይደንና ጄምስ ራስል የሚባሉ ተመራማሪዎች ህጻናት ስሜትን መጀመሪያ ላይ በጥቅሉ ደስ የሚልና ደስ የማይል ብለው እንደሚለዩ፣ ንዴት፣ ሀዘንና ፍርሃት ቀስ እያሉ ባመታት ውስጥ ከዛ ጥቅል ውስጥ እንደሚወጡ አሳይተዋል። እኛም ያየነው እሱን ነው፣ ትንንሾቹ ልጆች ፕራውድ የሚለውን በራሳቸው ቋንቋም ማብራራት አልቻሉም። በራሱ ቋንቋ ያልያዘውን ስሜት በእንግሊዝኛ እንዲይዝ መጠበቅ ልጁን ማድከም ነው።

ስዕሎቹም ራሳቸው ችግር ነበረባቸው። የማስተማሪያ ካርዶች የሚሰሩት እያንዳንዱ ስሜት አንድ ቋሚ ፊት አለው ተብሎ ነው፣ ይሄ አስተሳሰብ የተስፋፋው ፖል ኤክማን ከ1960ዎቹ (በፈረንጆቹ) ጀምሮ በፊት ፎቶዎች በሰራው ጥናት ነው፣ ደስታ፣ ሀዘን፣ ንዴት፣ ፍርሃት፣ መደነቅና መጸየፍ የሚሉትን ስድስት ስሜቶች። በ2019 ሊሳ ፌልድማን ባሬትና ባልደረቦቿ ያወጡት ሰፊ ግምገማ ግን ሰው ሲናደድ ሁሌ ፊቱን እንደማይቋጥር፣ ፊቱን የቋጠረ ሁሉም እንዳልተናደደ ያሳያል። ክላሱ ውስጥ የፈራው ልጅ ካርድና የተገረመው ልጅ ካርድ በየጊዜው ይደባለቁ ነበር፣ ሁለቱም አይናቸው የፈጠጠ አፋቸው የተከፈተ ነው፣ ልጆቹ ምን ጥፋት አለባቸው? ታሪኩ ሲነገራቸው ግን ወዲያው ይለዩታል። እዚህ ጋ ነው ከፊት ይልቅ ምክንያቱን እናስቀድም ብለን የወሰንነው።

ያደረግነው አንድ፦ ቃላቱን መቀነስና መለያየት

አስሩን ቃል ትተን በአራት ጀመርን፣ አራቱንም ግን ባንዴ አላስገባንም። ተቀራራቢ ትርጉም ያላቸውን አዲስ ቃላት ባንድ ላይ ማስተማር ያደናግራል የሚለውን ቶማስ ቲንካም በ1993 በሙከራ አሳይቶታል፣ ሮበርት ዋሪንግም በ1997 ጃፓንኛ ተናጋሪዎች ላይ ደግሞት ተመሳሳይ ነገር አግኝቷል። መጽሐፍ ላይ ቃላትን በርዕስ መደርደር ያምራል፣ ለሚማረው ልጅ ግን ሳድና አንግሪን ባንድ ቀን መስማት ሁለቱንም ማጣት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሃፒና ታየርድ መጀመሪያ ገቡ፣ ምክንያቱም በትርጉምም በድምጽም አይመሳሰሉም፣ ታየርድ ደግሞ ሰውነት ላይ የሚታወቅ ነገር ስለሆነ ልጆቹ በቀን ብዙ ጊዜ እውነተኛ መጠቀሚያ አላቸው። እነሱ ሲረጉ ስኬርድ ገባ፣ ከዛ ሳድ። አንግሪ ከነዚህ ከአራቱ በኋላ ቆይቶ ነው የገባው፣ ሃንግሪ ደግሞ ከዚህ ምዕራፍ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ስለ ምግብ ሲወራ ተሰጠ። ሁለቱ ሲለያዩ ድብልቅልቁ በአብዛኛው ቀነሰ። ሰርፕራይዝድ፣ ቦርድ፣ ኤክሳይትድና ፕራውድ ለሌላ ጊዜ ቀሩ። አስተማሪዋ መጀመሪያ ላይ "አራት ብቻ? ወላጆች ምን ይሉኛል?" ብላ ነበር፣ ስጋቷ እውነት ነው፣ ደብተር ላይ አስር ቃል አራት ቃልን ይበልጣል።

ያደረግነው ሁለት፦ ዘፈኑን መክፈት

ዘፈኑን አልተውነውም፣ መተውም ልክ አይመስለኝም። ቲም መርፊ በ1990 ዘፈን ከክላስ በኋላም ጭንቅላት ውስጥ መሽከርከሩን እንደማይተው ጽፏል፣ ካረን ሉድኪና ባልደረቦቿ ደግሞ በ2014 አዋቂዎች አዲስ ቋንቋ ላይ አጫጭር ሀረጎችን እየዘፈኑ ሲደግሙ እየተናገሩ ከደገሙት የተሻለ እንደያዙ አሳይተዋል። ዘፈን ሀረጉን አፍ ላይ ያስቀምጣል፣ ይሄን ይችላል። ሀረጉ መቼ እንደሚባል ግን አያስተምርም፣ ስለዚህ ዘፈኑን የሚባልበት ጊዜ እንዲኖረው አድርገን ሰራነው።

ዜማው ራሳችን ያወጣነው በጣም ቀላል ዜማ ነው፣ ግጥሙ ጥያቄና መልስ ብቻ። ክላሱ በሙሉ "ሃው ዱ ዩ ፊል ቱዴይ?" ብሎ ለአንድ ልጅ ይዘፍናል፣ ልጁ "አያም..." ብሎ የራሱን ቃል ያስገባል፣ ክላሱ የሱን ቃል ተቀብሎ ይደግምለታል። ተራ የለውም፣ ቀጥሎ የትኛው ቃል እንደሚመጣ ማንም አያውቅም፣ ስለዚህ በተራው መሸምደድ አይቻልም። ይቺ ለውጥ ትንሽ ትመስላለች ግን ከሁሉም በላይ የሰራችው እሷ ናት። ልጆቹ መልሱን ማወቅ ስለሚፈልጉ ይሰማሉ፣ እስከዛ ድረስ ዘፈን ሲባል መጮህ እንጂ መስማት አልነበረም።

ሁለተኛው ዜማው በቃሉ እንዲቀየር ማድረግ ነው። ታየርድ ከሆነ ሁሉም ቀስ ብሎ፣ ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣ ትከሻውን ጥሎ ይዘፍናል። ስኬርድ ከሆነ በሹክሹክታ፣ ሃፒ ከሆነ እየዘለለ። ጄምስ አሸር በ1960ዎቹ ቋንቋን ከሰውነት እንቅስቃሴ ጋር አያይዞ የማስተማር ዘዴ ማውጣቱ ይታወቃል፣ እኛ የጨመርነው እንቅስቃሴው ምክንያት እንዲኖረው ነው፦ ለታየርድ አይን መጨፈን ብቻ ሳይሆን ከባድ ቦርሳ ተሸክሞ ደረጃ እንደወጣ ሰው መሆን፣ ለስኬርድ ከጠረጴዛ ስር ድምጽ እንደሰማ ሰው መሆን። ከተቀዳ ዘፈን ይልቅ በአስተማሪዋ ድምጽ መሄዱም ጠቅሟል፣ የተቀዳው ዘፈን ለልጆቹ ፈጣን ነበር፣ ልጅ ሲያስብም ቆሞ አይጠብቀውም።

ያደረግነው ሶስት፦ የእጅ ስራው መጠቀሚያ እንዲሆን

እዚህ ላይ ያስቀመጥነው ህግ አንድ ነው፣ የሚሰራው ነገር በአስር ደቂቃ ገደማ አልቆ ከዛ ለሳምንታት የሚያገለግል መሆን አለበት። መጀመሪያ የሰራነው ክብ ወረቀት መሃሉ ላይ በሚታጠፍ ፒን የተያያዘ ቀስት ያለው፣ ልጁ ቀስቱን ወደተሰማው ስሜት የሚያዞረው ነው። ሀሳቡ ጥሩ ነበር ግን ቀስቱ ተቀደደ፣ ፒኑ ለትንንሽ ጣት አስቸገረ፣ አንዳንዱም ልጅ ቀስቱን እንደ መጫወቻ ሲያሽከረክረው ይውላል። በሱ ምትክ ረጅም የካርቶን ቁራጭና አንድ የልብስ መቆንጠጫ ተጠቀምን። ካርቶኑ ላይ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ሳጥን አለ፣ ልጁ እያንዳንዱ ውስጥ ይስላል፣ ጠዋት ሲገባ መቆንጠጫውን የተሰማው ላይ ያደርጋል፣ ቀን ላይ ከተቀየረበት ያንቀሳቅሰዋል። አይቀደድም፣ ደብተር ውስጥ ይገባል፣ መቆንጠጫውን መክፈትም ለጣቶቻቸው ጥሩ ልምምድ ሆነ።

ሳጥኑ ውስጥ የሚሳለው ነገር ላይ ብዙ ጊዜ አጠፋን፣ ጠቃሚም ነበር። ፊት ሳሉ አላልናቸውም፣ "አንተን የሚያስፈራህ ምንድነው? እሱን ሳል" ነው ያልናቸው። አንዱ ውሻ፣ አንዷ ጨለማ፣ አንዱ መርፌ ሳለ። እየሳሉ ሳለ አስተማሪዋና እኔ በየጠረጴዛው እየዞርን "ዋት ኢዝ ዚስ? ኦው፣ ዩ አር ስኬርድ!" እያልን አወራናቸው፣ ስለዚህ የእጅ ስራው ሰአት ቃሉ በብዛት የሚሰማበት ሰአት ሆነ። እየቆረጡና እያጣበቁ ማውራት ለትንንሽ ልጆች ይከብዳል፣ አይናቸውም እጃቸውም ተይዟል፣ ስለዚህ የሚቆረጠውን ሁሉ ቀድመን ቆርጠን ነው የመጣነው። እየሳሉ ማውራት ግን ይችላሉ።

ሁለተኛው የእጅ ስራ ከወረቀት ከረጢት የተሰራ አሻንጉሊት ነው። የሱ ጥቅም ሌላ ነው። ልጆቹ "አያም" የሚለውን እንደ አንድ ቃል ስለያዙት ስለ ሌላ ሰው ሲያወሩ "ሺ ኢዝ አያም ሳድ" የሚሉ ነበሩ። አሻንጉሊቱ ሲመጣ ስለ ሶስተኛ ሰው ማውራት ግድ ሆነ፣ "ሂ ኢዝ ታየርድ"፣ "ሺ ኢዝ ሃፒ" የሚለው ቀስ እያለ ተስተካከለ። ማንም ሰዋስው አላብራራላቸውም።

ያደረግነው አራት፦ የአስተማሪዋ መልስ

ይሄ ዘፈንም እጅ ስራም አይደለም ግን ያለሱ ሁለቱም አይሰሩም ነበር። "አያም ሳድ" ላለ ልጅ "ቬሪ ጉድ" ማለት ቀረ። በሱ ቦታ ሁሌም ሶስት ነገር ይሆናል፦ ቃሉን ትመልስለታለች፣ "ኦው፣ ዩ አር ሳድ" ትላለች፣ ፊቷም እንደዛው ይሆናል። ከዛ "ዋይ?" ትላለች፣ ልጁ በፈለገው ቋንቋ ይመልሳል፣ ምክንያቱን በእንግሊዝኛ ተናገር ማለት አፉን መዝጋት ነው። ከዛ አንድ ነገር ታደርጋለች፣ ትንሽም ቢሆን። ታየርድ ካለ ጭንቅላቱን ጠረጴዛ ላይ እንዲያሳርፍ ይፈቀድለታል። ስኬርድ ካለ የሚያስፈራው ነገር ይታያል። ልጆቹ ይሄን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም፣ በተለይ ታየርድ የሚለው ቃል በፍጥነት ነው የተለመደው ምክንያቱም የሆነ ነገር ያስገኛል። አንዳንዶቹ ሳይደክማቸውም ይሉት ጀመር፣ አስተማሪዋ ተጨነቀች፣ እኔ ግን ደስ አለኝ፣ ቃሉን ለሚፈልገው ነገር የሚጠቀም ልጅ ቃሉን ይዞታል።

ዝም ያለው ልጅ

ክላሱ ውስጥ አንድ በእንግሊዝኛ ቃል የማይተነፍስ ልጅ ነበር። በራሱ ቋንቋ ከጓደኛው ጋር ያወራል፣ ይስቃል፣ እንግሊዝኛ ሲጀመር ግን ይዘጋል፣ ዘፈን ላይም አይዘፍንም። እንደዚህ አይነት ዝምታ አዲስ ቋንቋ የሚጀምሩ ልጆች ላይ የተለመደ ነው፣ ስቲቨን ክራሸን የዝምታ ጊዜ የሚለው ይሄን ነው፣ ልጁ እየሰማ እያጠራቀመ ነውና አታስገድዱት ይላል። እኛም አላስገደድነውም፣ ተራው ሲደርስ መቆንጠጫውን ማሳየት ይበቃል አልነው።

ልጁ መቆንጠጫውን ስኬርድ ላይ አደረገ። በሚቀጥለውም ቀን ስኬርድ፣ ከዛም ስኬርድ። መጀመሪያ የጠረጠርነው አንዴ አድርጎት ረስቶታል ብለን ነው፣ ግን ሳየው እየገባ ሃፒ ላይ ያደርግና የዘፈን ሰአት ሲቃረብ ወደ ስኬርድ ያዞረዋል። አስተማሪዋ ከክላስ በኋላ ለብቻው፣ በራሱ ቋንቋ፣ አሻንጉሊቱን ይዛ "እሱ ምን ያስፈራዋል?" ብላ ጠየቀችው። ልጁ ሲመልስ "እግር ሲመቱ" አለ። አንግሪ የሚለው ላይ ሁሉም ባንድ ላይ መሬቱን ሲመታና ሲጮህ ድምጹ ያስፈራው ነበር፣ ዘፈን በተጀመረ ቁጥር እሱን እየጠበቀ ነው የሚቀመጠው።

እንግዲህ አስቡት፣ ስሜትን የሚያስተምረው ዘፈን ራሱ ልጁን እያስፈራው ነበር፣ ያቺ መቆንጠጫ ባትኖር ማናችንም አናውቅም። እግር መምታቱ ቀርቶ አንግሪ ላይ ጡጫን ጨብጦ ጥርስ መንከስ ሆነ፣ ድምጽ የሌለው ንዴት፣ እውነት ለመናገር ከበፊቱ ይልቅ ንዴት የሚመስለው ይሄኛው ነው። ለልጁ ደግሞ የድምጽ ተቆጣጣሪነት ስራ ተሰጠው፣ እጁን ዝቅ ሲያደርግ ክላሱ ድምጹን ይቀንሳል። ወዲያው አልዘፈነም፣ እንደዛ አይነት ተአምር የለም። ግን ቆይቶ በአሻንጉሊቱ አፍ "ሂ ኢዝ ስኬርድ" አለ፣ ከዛም ሌላ ቀን፣ አንድ ወንበር ወድቆ ሲጮህ፣ ማንም ሳይጠይቀው "አያም ስኬርድ" አለ።

ያልሰራው

መጀመሪያ ሁሉንም ካርቶን ግድግዳ ላይ ደርድረን ነበር፣ ማን ምን እንደተሰማው ሁሉም ያያል። ይሄ ቶሎ ተበላሸ። መቆንጠጫውን ብዙ ጊዜ አንግሪ ላይ ያደረገ ልጅ "አንግሪ" የሚል ቅጽል ስም ወጣለት፣ ሌሎቹ ደሞ ጓደኛቸው ያደረገበት ላይ ማድረግ ጀመሩ። ካርቶኑ ወደ እያንዳንዱ ልጅ ደብተር ሲገባ ሁለቱም ቀሩ። አንድ ባዶ ሳጥንም ጨመርን፣ ዛሬ መናገር አልፈልግም ማለት ነው፣ እሱንም የሚጠቀሙበት ነበሩ።

ቀለምም አልሰራም። ቢጫ ለሃፒ፣ ሰማያዊ ለሳድ፣ ቀይ ለአንግሪ ብለን ነበር፣ ቀይ የሚወድ ልጅ ሃፒን በቀይ ነው የሚስለው፣ መብቱም ነው። ቀለሙን ለነሱ ለቀቅነው። ኢሞጂ ያለባቸው ካርዶችም እንደዚሁ፣ እያለቀሰ የሚስቀው ኢሞጂ ግማሹ ሳድ ግማሹ ሃፒ አሉት፣ ክርክር ተነሳ፣ ሰበሰብናቸው።

ስኬርድና ስኬሪ (የፈራና የሚያስፈራ) እስከመጨረሻው አልተለዩም። "አያም ስኬሪ" የሚል አሁንም አለ፣ በዚህ እድሜ ማረም ብዙም የሚያዋጣ አይመስለኝም፣ አስተማሪዋ ትክክለኛውን እየደገመች ትመልስላቸዋለች፣ እሱ ይበቃል።

ወላጆች ጋርም ያሰብነው መንገድ አልያዘም። ዘፈኑን ስልክ ላይ ቀድተን ላክንላቸው፣ ብዙ ቤት ውስጥ ልጁ እንግዳ ፊት ቆሞ ዘፈን የሚያሳይበት ነገር ሆነ፣ ይሄ ደግሞ ከመጀመሪያው ችግር ጋር አንድ ነው። ቅጂውን አቁመን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅናቸው፣ ማታ ልጁን "ዛሬ ምን ተሰማህ?" በሉት፣ በቤታችሁ ቋንቋ ይመልስ። ይሄን ያደረጉት ልጆች ክላስ ላይ ምክንያት ለመናገር ሲቀላቸው አይተናል።

ውጤቱን እንዴት አየነው

የጻፍነው ፈተና የለም። ሁለት ነገር ተከታተልን፣ ካርድና ታሪክ ከተራ ውጪ ሲቀርብ መመለስ፣ እና ማንም ሳይጠይቅ ልጁ ራሱ የተናገረው ቃል። ሁለተኛውን በማስታወሻ ደብተር ያዝኩት፣ ማን፣ የትኛውን ቃል፣ ምን ሲሆን። አብዛኞቹ ልጆች አራቱን ቃላት ያለ ዘፈን ይመልሳሉ፣ ከንፈር እያንቀሳቀሱ ከመጀመሪያው መውረድ ቀርቷል። ሳይጠየቁ መናገር ግን ሁሉም ጋ የለም፣ አንዳንዶቹ ዛሬም ሲጠየቁ ብቻ ነው የሚናገሩት። አንግሪ ከሁሉም ዘግይቶ ነው የያዘው፣ ልጅ ሲናደድ መናገሩን ስለሚተው ይመስለኛል። ከሁሉም በብዛት የተመዘገበው ታየርድ ነው።

ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ በ2007 ባወጡት የአእምሮ ምርመራ ጥናት ሰው ፊት ላይ የሚያየውን ስሜት በቃል ሲሰይም አሚግዳላ የሚባለው የአእምሮ ክፍል እንቅስቃሴው እንደሚቀንስ ታይቷል፣ ስሜትን መሰየም ያረጋጋል የሚለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ጥናት ጋር ነው የሚጠቀሰው። ያ ግን አዋቂዎች ላይ ነው። ትንሽ ልጅ በሁለተኛ ቋንቋው "ሳድ" ስላለ ይረጋጋል ብዬ አልጽፍም፣ ያየሁት የሚረጋጋው የሚያዳምጠው ሰው ሲያገኝ ነው።

ወደ ሌላ ክላስ ለመውሰድ

ይሄን ልሞክረው የሚል ሰው ከዘፈኑ ቢጀምር ይሻላል፣ ምክንያቱም ወጪም ዝግጅትም የለውም። ያላችሁን ማንኛውንም የስሜት ዘፈን ውሰዱና ተራውን አፍርሱት፣ አንድ ክፍት ቦታ ተዉለት፣ ልጁ ይሙላው። ከዛ ልጆቹ ዘፈኑ ሳይኖር ቃሉን ያውቁታል ወይ የሚለውን ከተራ ውጪ ጠይቃችሁ አጣሩ፣ ዘፈኑ ላይ ጎበዝ መሆናቸው አያታላችሁ።

የእጅ ስራ ስትመርጡ ሲያልቅ ምን ይሰራል ብላችሁ ጠይቁ። ግድግዳ ላይ ለመውጣት ብቻ ከሆነ ለስዕል ክፍለ ጊዜ ጥሩ ነው፣ ለቋንቋ ግን ጊዜ ይበላል። ክላሱ በጣም ትልቅ ከሆነና ሁሉንም ልጅ በየቀኑ ማዳመጥ ካልተቻለ መቆንጠጫውን ሁሉም ያድርግ፣ አስተማሪዋ በቀን ጥቂት ልጆች ጋ ትድረስ፣ ግን የሁሉም ተራ እንደሚደርስ ልጆቹ ይወቁ፣ አስተማሪዋም ያልደረሰቻቸውን ትመዝግብ።

አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ። ልጅ ስሜቱን እንዲናገር በር ስትከፍቱ አንዳንዴ የሚገባው ከባድ ነገር ነው፣ ከቤት የመጣ ፍርሃት፣ የሚያስጨንቅ ነገር። እንደዛ ሲሆን ክላስ ፊት "ዋይ?" አይባልም። እኛ ከመጀመራችን በፊት ተስማምተን ነበር፣ አስተማሪዋ ቃሉን ብቻ ትቀበላለች፣ ቀጥሎ ለብቻው ታነጋግረዋለች፣ አሳሳቢ ከሆነ ደግሞ የልጆች ደህንነት ኃላፊነት ያለበት ሰው በዛው ቀን ያውቃል። የማን ስልጣን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚነገር ያልተወሰነበት ቦታ ላይ መቆንጠጫውን አትጀምሩ፣ መጀመሪያ ያንን ጨርሱ።